ዶሮዋ ምን አለች

ስድስት ወር ሙሉ፣ በብየዳ ብልጭታ፣
ቀን የሰው በር እየሠራሁ፣ የራሴን ደግሞ ማታ፣
አንድ ሣጥን ወለድኩ፤
ላስቲክ የለበሰ፣ ባለ አራት ቆጥ ሽቦ፣
የቡሬን በርበሬ ከኅዳር ካፊያ የሚያደርቅ ሰብስቦ።

ሃያ ጥያቄ ጻፍኩ በሰማያዊ ደብተር፤
ሣጥኔን ጋሪ ላይ አስሬ፣ ዞርኩ በር ለበር።
«ይኼን የመሰለ ቢኖርዎ አይገዙም ነበር?»
አሁን ሳስበው፣ እሱም ጥያቄ ሆኖ!
መልሱን አላምጬ ለሰው አጉርሼ፣
ጣዕሙን እጠይቃለሁ ተመልሼ።

አያ እንየው ዞረው አዩት፣ ዳበሱት፣ አንኳኩት፤
«ሸጋ ነው ልጄ፣ ሸጋ ነው! ይኼ ድሮ ቢኖርማ...»
አሉና ካጥራቸው ማዶ አዩ።
ቢኖርማ ምን? አላልኩም።
«እጅግ ወደውታል» ብዬ ጻፍኩ፤ አሰመርኩበት፣ ደገምኩም።

ስማቸው ደላላው ትከሻዬን ቸብ አድርጎ
«ሁለት ሥራልኝ» አለ።
«ቀብዱስ?»
«እሱማ ለመስቀል!»
መስቀል ካለፈ ገና ሳምንቱ ነበረ፤
ደብተሬ ግን «ሁለት ታዘዘ» ብሎ አደረ።

አንድ ሕፃን ደግሞ፣ ጣቱን እየጠባ፣
«እማ፣ ይኼ በኛ በር በየት በኩል ይግባ?»
እናቱ ቆነጠጠችው።
ቁንጥጫውን አየሁ፤
ከሃያው ጥያቄ ሥር ግን ለቁንጥጫ ክፍት ቦታ አልነበረም።

አርባ ቤት አንኳኳሁ፤ አርባውም «ደግ ነው» አለኝ፤
አንድ ውሻ ብቻ ነው፣ ባቴን ይዞ የተቃወመኝ።

ሣጥኑን ሽንዲ መውጫ፣ እትዬ አንጓች ግቢ፣
«ወር ይሞክሩት» ብዬ በነጻ ትቼ ሄድኩ።
በታኅሣሥ፣ ሳልደውል፣ በማለዳ ደረስኩ።
በርበሬው መሬት ላይ፣ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ቀልቷል፤
ከሣጥኔ ሁለተኛው ቆጥ ላይ ጭድ ተጎዝጉዟል፤
ጭዱ ላይ፣ ላባዋን ነፍታ፣
አንዲት ገብስማ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ
አየችኝ። አላፈረችም።
እንደ እሷ ፊት ለፊት ማንም አልመለሰልኝም።

ያፈሩት እትዬ አንጓች ናቸው።
«ውይ ልጄን! ዛሬ ብቻ እኮ ነው፣
ነገ ላወጣት ነበር፣ ሣጥንህማ ሸጋ ነው...»
ደብተሬን ዘጋሁ። ዱካ ስቤ ቁጭ አልኩ።
«አምና ዝናቡ ሲመጣ ምን አደረጉ?» አልኩ።

ዝም አሉ።
ከዚያ ያ ሌሊት ካፋቸው ወጣ፤
ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ጎርፍ ባጥሩ ሲመጣ፣
ከልጃቸው ጋር በጨለማ በሰፌድ ሲዝቁ፣
አልጋ ሥር፣ መደብ ላይ፣ ባገኙት ሲደብቁ፣
ሌሊቱን ሲያነጥሱ፣ ዓይናቸው ሲነድ፣
የጠቆረውን ለስማቸው በግማሽ ዋጋ...
ስሙን ሲጠሩት ድምፃቸው ወፈረ።

«ያንተ ሣጥን ቢበዛ አንድ ቁና ቢይዝ ነው።
የኔ ስምንት ኩንታል። ዝናብ ደግሞ ቁና መርጦ አይመታም።
እኔን የቸገረኝ ማድረቂያ አይደለም፤
ሰማይ ሲያጉረመርም ብድግ የሚል ሁለተኛ ጥንድ እጅ ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?»
እጄን አዩት።
«ብየዳው የላጠው አውራ ጣትህ ገና እርጥብ ነበር።
እንዲህ ለተቃጠለ እጅ ‹አይረባም› ይባላል እንዴ?»

ዶሮዋን ላነሳ እጄን ስዘረጋ፣
«ኧረ ተዋት! አሥራ ሦስት ታቅፋለች።
ደግሞስ ቆጥ ነው አላልከኝም?»

በጥር ስልክ ደወሉ።
ባንድ እጅ ተስቦ ሸራ የሚያለብስ ጥቅልል ብረት
እየቀጠቀጥኩ ነበር፤
ይርባ አይርባ ገና አላወቅኩም።
«አሥራ አንዱ ወጡ» አሉኝ።
«ለጫጩትስ ሸጋ ነው ሣጥንህ።»
ጥቂት ቆዩና፣
«ይኼኛውን እንኳ እውነቴን ነው።»