ያልነበረችው መስኮት

ከግራናይቱ ግንብ ጫፍ፣ ከወደቡ አፍ ላይ፣
ቆሞ የሚታየው ያ መጋዘን ቀይ፣
የገመድ ማደሪያ፣ የሬንጅ፣ የመረብ፤
ዓሣ ነው ያሰቡት፣ ለዓይን ማን ሲያስብ!
ቅላቱም ቢጠየቅ የጥበብ አይደለም፤
አብኔር ከሐራጅ የገዛው ቀለም፣
የጀልባ ሆድ ቀብቶ ሩብ በርሜል ቢተርፈው፣
ግድግዳው ላይ ደፋው፣ ጨው እንዳይገፍፈው።

አንድ ሠዓሊ መጣ፣ ባለሰሌን ቆብ፤
በከርሞው ዐሥር ሆኑ፣ ከዚያማ እንደ ንብ።
ባለሦስት እግሩን እንጨት ድንጋዩ ላይ ተክለው፣
አንድ ዓይን ጨፍነው፣ አውራ ጣት ቀስረው።
«መንገድ!» ይላል አብኔር፣ ወጥመድ ተሸክሞ፤
ማንም አይሰማውም። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ
ሰውየውን ከሸራው በብሩሽ ያወጣል፤
«ቤቱ ያለ ባለቤት ይበልጥ ያምራል» ይላል።

ኬዝያ፣ ሚስቱ፣ ዓሣ ስትመዝን
ትስቅ ነበር አሉ፦ «ወይ ዘመን! ወይ ዘመን!
የኛ ዓሣ በሳንቲም፣ ያውም ተለምኖ፤
የዓሣው ቤት በመቶ፣ ሸራ ላይ ሆኖ!»

አብኔር አልጋው ላይ ሞተ፣ ባሕር ሳይነካው።
ቤቱን ግን በየካቲት ባሕሩ ፈለገው።
ሁለት ቀን፣ ሁለት ሌሊት፣ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ።
ሦስተኛው ጠዋት ላይ፣ በረዶው ሲያባራ፣
ወጣን ልናየው። የለም። ባዶ ሥፍራ።
አራት የድንጋይ ጥርስ፣ አንድ የበር ማጠፊያ፣
ቀይ ሳንቃ ሲንሳፈፍ፣ ያለ መጠጊያ።

ተሰብስበን ማልን፦ መልሰን እንሥራው።
የሰፈሩ አናጢ ነኝ፤ በእኔ ወደቀ ዕጣው።
ግን በምን ልክ? በየት? ንድፍ የለው፣ ፕላን፤
ያየው ሁሉ ያውቀዋል፣ የለካው ግን ማን?

ሥዕል አምጡ አልን። መጣ በየዓይነቱ፣
ከባንክ፣ ከጥርስ ሐኪም፣ ከመጠጥ ቤቱ፤
ዐርባ ሰባት ቤት ሆነ፣ አንድ የነበረ፤
በአንዱ ጣሪያው ሾሏል፣ በሌላው አጠረ፤
በአንዱማ ፀሐይዋ በሰሜን ትጠልቃለች።
በብዙዎቹ ግን አንዲት መስኮት አለች፣
በባሕሩ በኩል፣ ከጣሪያው ሥር ጥግ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ምስክር! ሌላ ምን ልፈልግ?
ሳንቃውን ቀደድኩት፣ መስታወት ገጠምኩ፣
ዳር ዳሩን ነጭ ቀባሁ፤ በእጄ ሥራ ኮራሁ።

ቀዩ ግን አስቸገረ። አዲስ ነው፣ ይጮኻል።
«ይሄ ቤት አይደለም፣ የእሳት አደጋ መኪና ነው» ተባልኩ።
በአመድ አሸነው፣ በሰንሰለት ገረፍነው፤
ስልሳ ዓመት ሙሉ በሦስት ቀን አስረጀነው።

የምርቃቱ ዕለት ጥሩምባ ሲነፋ
ኬዝያን አመጧት፣ በጎማ ወንበር ተገፍታ፣
ዘጠና አንድ ዓመቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ።
አየች። ዝም አለች። ደግማ አየች።
«ቶይቮ፣ ያቺ መስኮት ከየት መጣች?»
«ከሥዕሎቹ ነዋ።»
«እዚያ ጋ መስኮት ኖሮ አያውቅም፣ አንተ ልጅ።
ሠላሳ ዓመት ለመንኩት፦ በጨለማ ስመዝን ዓይኔ ጠፋ፣
አንድ ቀዳዳ ስጠኝ፣ ብዬ።
መስታወት ውድ ነው፣ ነፋስ ያስገባል፣ አለኝ፤
ይህንኑ እንዳለ ሞተ።»

መዶሻዬ ወገቤ ላይ ከበደኝ።
«ልድፈናት?» አልኩ።
አልመለሰችም። «አስገባኝ» አለች።

ውስጡ አዲስ ጥድ፣ አዲስ ሬንጅ ይሸታል፤
ዓሣ ገና አልገባበትም። ወንበሯን አስጠጋሁ።
በዚያች ባልነበረች ቀዳዳ ብርሃን ገብቶ
እጆቿ ላይ ተቀመጠ፣
ሚዛን ላይ እንደ ዓሣ።

ውጭ አንዲት ወጣት፣ አንድ ዓይን ጨፍና፣ አውራ ጣት ቀስራ፦
«ይቅርታ፣ ሴትዮዋን ከመስኮቱ ዘወር ታደርጉልኛላችሁ?»

ኬዝያ አልሰማችም። ወይም ሰምታለች።
አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ አስደግፋ
የሚገቡትን ጀልባዎች ትቆጥራለች።
«ዛሬ» አለችኝ ሳትዞር፣
«ዓሣ በስንት ገባ?»