የገብስማዋ እልህ

ከራስ አል ኸይማ ወዲያ፣ ራምስ ከምትባል የዓሣ አጥማጅ መንደር፣
ከግቢው ጥግ አለ፣ በቆርቆሮ ያቆምኩት የዶሮዎች ሰፈር።
ስድስት ናቸው ሁሉም፤ አውራ ግን የላቸው፤
የማዶው ሽማግሌ፣ "ሌሊት አላስተኛኝ" ብሎ ነው ያሳረደባቸው።
ወሰራዋ ሰላም፣ ነጯም ደህና ልጅ ናት፤
ገብስማዋ ብቻ፣ ከግንቦት ጀምሮ ያ ነገር ያዛት።

ያዛት ስል ታቀፈች ማለቴ ነው እንጂ፣ በሽታስ አይደለም፤
ከሥሯ ግን ዕንቁላል፣ ነፍስ ያለው ዕንቁላል፣ አንድም እንኳ የለም።
ጧት ጧት ስቀርባት፣ እጄን ወጋ አድርጋ፣ ላባዋን አሳብጣ፣
ርስት እንደ ተነጠቀች ባልቴት ታጉረመርማለች፣ ከችሎቱ ላትወጣ።

ኡም ሰይፍ በመስኮት፣
"ቢሪ!" ትለኛለች፣ ብርቅነሽ ማለቱ ከብዷት፤
"ዶሮ ነው የገዛሁ፣ ወይስ እንግዳ ሴት?
ጥላ ይዛ ውላ፣ ዕንቁላሏ የታል?
አስነሺያት ዛሬ፤ ካልሆነ ቢላው ይሳላል።"

እኛ ቢቸና ሳለን፣ ላባ በአፍንጫዋ ሰክተን ነው የምንፈታት፤
ወይም እማሆይ ይርገዱ ዘንድ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሦስት ቀን የምናግዛት።
የሰው ቤት ያበርዳታል፣ ልቧን ያስረሳታል፣ ይባል ነበር ያኔ፤
እዚህ ጎረቤቴ ማነው? ግንብ ነው በፊቴ፣ ግንብ ነው በጎኔ።
ላባውንም ነጨሁ፤ ዐይኗን ሳየው ጊዜ፣
ጣልኩት፤ ሌላ መላ አልኩ፣ ለሷም ለኔም ትካዜ።

ሻፊቅ አትክልተኛው፣ "ውኃ ንከሪያት" አለኝ፣ ቤንጋሊና ዐረብኛ ቀላቅሎ፤
የምን ውኃ? በሰኔ የቧንቧው ውኃ፣ ሻይ ቅጠል ቢጥሉበት ይቀላል ቶሎ።
ብቻ ነከርኳት። እንደ ራሰ መጥረጊያ ቀጥና ወጣች፤
ሩብ ሰዓት ሳይሞላት፣ ደርቃ ተመለሰች።

በረዶ አስቀመጥኩላት፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከፍሪዘር አምጥቼ፤
እሱንም ታቀፈች፤ ቀልጦ፣ ለብ ብሎ ነው ያገኘሁት፣ ማታ መጥቼ።
ሽንኩርት አቀፈች፤ ድንጋይ አቀፈች፤
የሰይፍን ልጅ ጫማ፣ ያንዱን እግር ብቻ፣ አቀፈች።
ይች ሴት፣ አልኩ ለሻፊቅ፣
ፀሐይ ብትወድቅላት፣ ሳትፈለፍል አትለቅ።

በመጨረሻ ገርጉር አለ፤ የሽቦ ወጥመድ ነው፣
የኡም ሰይፍ ሟች ባል፣ ከባሕር ሥር ለዓሣ የሚያስቀምጠው።
ከሦስት ብሎኬት ላይ አቆምኩት፤ ነፋስ ከታች ይግባ፣ ገለባም አይኑር፤
ከነእልኋ ከተትኳት፣ ዓሣ በሚገባበት በር።

አንድ ሌሊት ጮኸች።
ሁለተኛም ጮኸች።
ሦስተኛው ላይ ዝም።
እኔ አልተኛሁም።

በአራተኛው ቀን ከፈትኩላት፤ ወጣች፤ ክንፏን ዘረጋችው።
ጫረች፣ አሸዋ ታጠበች፤
የሐብሐብ ፍሬ ከወሰራዋ አፍ ነጥቃ ዋጠችው።
ጎጆዋን? ዞራም አላየችው።

በሳምንቱ ጣለች።
ኡም ሰይፍ ዕንቁላሉን ወደ ፀሐይ አንሥታ፣
"አየሽ፣ ቀላል ነበር" አለች፣ በደስታ።

ቀላል ነበር፣ እውነት፤
ሁለት ወር ሙሉ የተሟገተችኝ፣ በሦስት ሌሊት ረሳች፤
ያስቸገረችኝስ እጄ ናት፤ እሷ ገና አልተፈታች፤
ጀንበር ስትጠልቅ፣ ከመስጊዱ ጥሪ ጋር፣
ካንዱ ባዶ ጎጆ ወደ ሌላው እየገባች፣
ገለባውን ትዳስሳለች፤
ይሞቃል ወይ? ትላለች።

ዛሬ ደግሞ ነጯ፣ ያቺ ደህናዋ ልጅ፣ ለጥሬ አልወጣችም።
ሄድኩና እጄን ሰደድኩ፤ አልተንቀሳቀሰችም፤
ላባዋን ነፋችና፣ ወጋችኝ።
"ቢሪ!" አለ መስኮቱ፣ "ያ ገርጉር የት አለ?"
እኔ እንጃ፣ እመቤቴ፤
ትናንት እዚህ ነበር፤ ዛሬ ጠፋኝ።