ባዳ ጆሮ

የካቲት ማለቂያው ላይ፣ ሐይቁ በረዶ ለብሶ፣
ስልኬ ጮኸ ከንጋቱ፣ እንቅልፌን ቆርሶ ጎርሶ።
ሌምፒ ናት፤ የጆሮ ባለሙያ፣
ከዱሉዝ እስከ ደሴቶቹ፣ ላልሰማ ሁሉ መስሚያ
ለክታ የምታድል፣ ጥፍር የምታህል መሣሪያ።
«ኡርሆ፣ ባትሪህን ያዝ፣ መስታወትህንም አትርሳ፣
አውሮፕላን ልንመርጥ ነው፤ ተነሣ!
ያለኝ ሃምሳ አምስት ሺህ ነው፣ የአባቴ ጀልባ ዋጋ፣
ደመና ሰንጥቃ የምትሄድ ትሁን፣ ክረምት ከበጋ።»

እኔ መካኒክ ነኝ፤ ሃምሳ ዓመት የሞተር ሆድ የከፈትኩ፣
ከሻጭ ምላስ ይልቅ የዘይት ጠብታ ያመንኩ።

የመጀመሪያዋ ሴስና ቆየችን ሙሽራ መስላ፣
አዲስ ቀለም ተቀብታ፣ ዳር እስከ ዳር ተኩላ፤
(ተኩላ መሆኗ የገባኝ ሆዷን ከፍቼ ሳይ ኋላ።)
ፊቷ ላይ ትልቅ ስክሪን እንደ ሲኒማ ቤት ያበራል፣
ሌምፒ በጣቷ ስትነካው ካርታው ይሰፋል፣ ይጠባል፤
ሻጩ ፈገግ ይላል።
አስፈቅጄ ከሥር ገባሁ፣ ዘይት ማጣሪያውን ቀደድኩት፣
በማግኔት ብዳብሰው የብረት ገለባ አገኘሁበት።
ሞተሩ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ማደሻው ሠላሳ ሺህ ይላል፤
በስክሪን ማን ይበራል?

ሁለተኛዋ ሙኒ ነበረች፣ እግሯን አጥፋ የምትሮጥ፣
ነዳጅ ቆጥባ፣ ንፋስ ቀድማ፣ እንደ ፌንጣ የምታመልጥ።
ወደደቻት። እኔም ወደድኳት። ሦስት ጊዜ ዞርናት በዝምታ።
ሌምፒ ኢንሹራንስ ዘንድ ደወለች፣ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ፣ ፈታ፤
የዓመቱን ሒሳብ ነገሯት፤
ስልኩን ዘጋች፤ ክንፏን ዳብሳ እንደ ሰው ተሰናበተቻት።
ላም አለኝ በሰማይ ይሏል፣ ወተቷ ላይታለብ ነገር፤
ስንቱን አውቃለሁ፣ ገዝቶ ቆልፎ፣ በር ከፍቶ ሲያያት የሚያድር!

ሦስተኛዋ ከድንች ጎተራ ጎን ሸራ ለብሳ ቆማለች፣
የስድሳ ስምንት ቼሮኪ፣ ከሠርጌ ጋር እኩያ ነች፤
ብርቱካን ቀለሟ ነጥቷል፣ ወንበሯ ተጥፏል በብርድ ልብስ፣
ሌምፒ አየችኝ፤ «ለዚህች ነው ይህን ሁሉ በረዶ መጣስ?»
ሻጯ ሂልያ፣ ባልቴት ናት፤ ባሏ ካረፈ ዓመት ሁለት፤
ስንጠይቃት አልመለሰች፤ ካርቶን አኖረች ፊት ለፊት።
መዝገብ ነው። የሠላሳ ዓመት፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦
መቼ ዘይት እንደ ተለወጠ፣ ቫኪዩም ፓምፑ መቼ እንደ ታደሰ፣
የቱ ብሎን በየትኛው ብርድ እንደ ጥርስ እንደ ተበጠሰ፤
አንድ ገጽ ላይ፦ «ዛሬ ክንፌን በረዶ ያዘው። ፈራሁ። ተመለስኩ።»
ይህን ሳነብ ቆቤን አወለቅኩ።

ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ፤
ባትሪዬን ይዤ ክንፏን አየሁ፣ ዝገት እንዳለው ከሥሩ።
አጥንቷ ደህና ነው። አንዱ ራዲዮ ያንኮራፋል፣
የበሩ ጎማ ንፋስ ያሳልፋል።
የፍጥነት መለኪያዋን አፍንጫ አሙቄ ብነካ ፈጀኝ፤
ደስ አለኝ።

ቀኑ ጥርት ያለ ነበር። ደመና እንዲሆንላት ብላ
ከሰዓቶቹ በቀር የማታሳይ ባርኔጣ ደፋች፤ እኔ ከጎን፣ ዐይን ሆኜላት ለሌላ።
«ኡርሆ፣ እየዞርን ነው፤ በግራዬ ልወድቅ ነው» አለች ድንገት።
ሰዓቱ «ቀጥ ብለሻል» ይላል፤ አድማሱም ቀጥ እንዳለበት።
ዝም አልኳት።
የሰው ጆሮ ስታቃና የኖረችውን ጆሮዋ ዋሻት።
«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያለው ሰው፣ ሐሜት ቆጥሮ፣
ሦስት ሺህ ጫማ ላይ እውነት እንደሚሆን በምን ጠርጥሮ?
እጇ መሪውን ሊያዞር ቃጣ፤
ቃጣና ተወው። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ላብ ወጣ።

ሂልያ ሃምሳ ሁለት አለች። አልተከራከርናትም።
ሦስት ሺህ ተረፈን፣ ላንኮራፋው ራዲዮ፤ ለሌላው አይበቃም።
መዝገቡ ጫፍ ላይ እርሳሱ ዛሬም በሲባጎ ታስሯል፤
ሌምፒ ጓንቷን አውልቃ ጻፈች (እጇ ከብርዱ ጠቁሯል)፦
«ዛሬ ጆሮዬ ዋሸኝ። አላመንኩትም።»
እኔም ከሥሩ፦ «የበሩ ጎማ ይለወጥ፤ ከርሞ አይደርስም።»