የነጠፈችው ብረት

ቁልፏ ባንገቴ ናት፣ ከማተቤ ታስራ፣
የሚከፈት ሳይኖር ሁለት ወሯን ቆጥራ።
ዋርካው ሥር ተመርጬ «ገንዘብ ያዥ ነሽ» ስባል፣
«አንጓች ቆጣሪ ናት፣ አታጎድል» ተብሏል።
ብረትም እንደ ላም ይነጥፋል? ማን ያውቃል!
እጀታው ሲገፋ ደረቅ ሳሉን ይስላል።

እንደ ድሮው ሆነ፤ አሸዋውን ጭረን፣
ያህያ የዝንጀሮ ትራፊ ጠጥተን።
የመልኬን ታናሽ ልጅ ሦስት ቀን አስቀመጣት፤
ዓይኗ ጎደጎደ፣ እንባዋም ነጠፋት።
ተረፈች።
ያን ሌሊት ጣሳውን ዘርግፌ ቆጠርኩት፤
ብሩን ከሳንቲሙ ለይቼ ቋጠርኩት።

ወረዳማ ሄድን፤ ማመልከቻ ጠየቁን፤
ብንሰጥ «በጀት የለም» ብለው ማኅተም አስታጠቁን።
ካርባያ ጎንደር ድረስ ጭነት ላይ ተሳፍሬ፣
አራዳ ላይ ዋልኩኝ ከሱቅ ወደ ሱቅ ዞሬ።
ያለቀች ጎማዋን አሳየሁት፣ የቀለበት ያህል፤
«ይቺ ናት አገሩን ያስጠማች?» አለኝ ሳቁን ሲታገል።
እኔን ሳቅ አልመጣኝም።
አዲሷን ጣቴ ላይ አጥልቄ ተመለስኩ፤
ዳግመኛ የዳርኩ መስዬ ከመንደሬ ደረስኩ።

ወረታው ከጎረምሶች ጋር ቧንቧውን መዘዘው፤
ጎማዋን አለበሰው፣ ከጉድጓዱ መለሰው።
ገፋን። ሳለ። ገፋን። ሳለ።
ከዚያ ቀይ ዝገቱ እንደ እንገር ወፍሮ ወረደ፤
ቆይቶ ቀጠነ፣ ቆይቶ ጠራ፣ ጀሪካን ሁሉ ታረደ
ይመስል ተንጫጫ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቁልፍ ያዥ ነኝና አልዋሽም፤
የኔው ሽንት ቤት በር ሦስት ዓመት ለሰው ተከፍቶ አያውቅም።
ጓንጉል ባሌ ጭድ አጭቆበት፣ በመዝገብ «አላቸው» ተብለን፣
ለጎብኚ ደጁን ጠርገን፣ እኛ ግን ጥሻ ወርደን።
ዝናብ ሲጥል ደግሞ ያ ሁሉ ወዴት ነው የሚወርደው?
ወደዚያው ወንዝ ነው፤ አሸዋውን ጭረን ወደምንቀዳው።

ያን ማታ ጭዱን አወጣሁት። ጓንጉል ተቆጣ፤
«ዝናቡ ቢመጣስ?»
          «እሱ ብቻ ይምጣ!»

ማለዳ ቁልፏን ሳዞር የመልኬ ልጅ ቆማለች፤
እግሯ ገና ሳይጠና ትንሽ ጀሪካን ታቅፋለች።
«መጀመሪያ እጅሽን» ብዬ አመድ አቀበልኳት፤
«ታጠቢ፣ አይዞሽ» አልኳት።
እጆቿን ወደ ኋላ ደበቀች፤
ቧንቧውን አየች፣ እኔን አየች፤
«በውሃው?» አለች።