ጨው መብራት አይጠብቅም

ከሙያዬ ልጀምር፤ እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ፣
ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ሱቄ የሚገኝ፤
ሰው የጣለው ሁሉ እኔ ዘንድ የሚገባ፣
ሲንቀጠቀጥ አድሮ ውሃ የሚያነባ።

ለእህቴ ለሸምሲያ የሰጠኋት ፍሪጅ
ሦስት ባለቤት የቀበረ ነው።
እጀታ የለውም፤ በሩን የሚይዘው
ከባጃጅ ከመነዳሪ የቆረጥኩት ጎማ ነው።
"ያቀዘቅዛል?" አለችኝ።
"ሲፈልግ" አልኳት።
ሳቀች። ከጂዳ ከመጣች ወዲህ
ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ይመስለኛል።

ሰኞ ባቲ ወርዳ፣ ከግመሎች መሃል
ጨው በጨርቅ ቋጥራ፣ ሎሚ በፌስታል፣
ሃያ ሦስት ሎሚ ይዛ ተመለሰች።
"የከፈልኩት የሃያ ሁለት ነው፤
አንዱ ምርቃት ነው" አለች።

አጠበች፤ በጨርቅ አንድ በአንድ አደረቀች፣
"ጠብታ ከቀረ ይሻግታል" አለች።
ቢላውን ከአናቱ ቁልቁል አስገብታ
አራት ቦታ ሰንጥቃ፣ ከሥሩ ግን ትታ፣
እንደ አበባ ከፍታ፣ ጨው በጣቷ ሞልታ፣
አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አንዱን ባንዱ ጫነች፤
ጥቁር አዝሙድ በተነች፣ ደረቅ ሚጥሚጣ ጣለች፣
አምስቱን ጨምቃ አፈሰሰች ከላይ፣
የሌሎቹ ራስ ሰጥሞ እስከማይታይ።

አውራ ጣቷ ላይ ቢላ የነካው ቁስል አለ።
ጨውና ሎሚ ተገናኙበት።
"እህ" አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት።

"የት ተማርሽው?" አልኳት፤
ካፌ ሳይወጣ ቆጨኝ።
ሰባት ዓመት ሙሉ እጇ የሠራውን
ሌላ ሰው ነው የበላው።
የእመቤቲቱ ፍሪጅ ሁለት በር ነበረው፣
ቁመቱ ከኔ በላይ፣ ሆዱ ይህን ክፍል የሚያህል፣
ደግሞም ቁልፍ ነበረው።
ሸምሲያ የሎሚውን ጣዕም የምታውቀው
ዕቃ ስታጥብ ነው፤ ከማንኪያው ጫፍ ላይ፣
ማንም ሳያይ።

የኔ ፍሪጅ እንኳን ቁልፍ፣ በሩም በልኩ አይዘጋ፤
ደግነቱ ይኸው ነው።

በየማለዳው ጠርሙሷን ትገለብጣለች፣
ጨው ከሥር እንዳይተኛ።
"ዛሬ ስንተኛ ቀን ነው?" ትላለች እማዬ ከአልጋዋ፤
ወባው ከለቀቃት ወዲህ አፏ ሞቶባታል፣
የጎረሰችው ሁሉ እንጨት እንጨት ይላታል።
"ዘጠነኛ።"
"ዛሬስ?"
"አሥራ አንደኛ።"
በአሥራ ሁለተኛው መብራት ሄደ።

ሦስት ቀን። ሥጋ ያለው ሥጋውን፣
ወተት ያለው ወተቱን አቅፎ ዘመድ ፍለጋ ወጣ።
እኔ በባትሪ ፍሪጁን ከፍቼ
እንደ ሐኪም ዳሰስኩ፣ ጆሮዬን ለገትኩ።
"ሸምሲያ፣ ሎሚሽ ሞተ።"
"አብሽር" አለች፣ ከጀርባዬ ቆማ፣
"ጨው መብራት አይጠብቅም።
ያንተ ብርድ ለማቆየት ነው፤
ሥራውን የሚሠራው ጨው ነው።"
ሙያዬን ሰድባ ተኛች።

ወሩ ሞላ። ልጣጩ ላላ፣
ውሃው እንደ ማር ወፈረ።
"ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ" ይላሉ፤
የኛ ሃምሳም አልሞላ፣ ለቤቱም አይተርፍ ነበር፤
እሷ ግን ስኒ ደረደረች።
አንዱ ለእትዬ አስካለ፣ ጾም ገብቷል፣ ከሽሮዋ ጋር፤
አንዱ ለሞሚና ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ኮምጣጣ አምሯታል፤
አንዱን "ለዚያ ጠጋኝ" ብላ ወደኔ ገፋችው።

እማዬ ልጣጩን በፊት ጥርሷ ቆረጠች።
ዓይኗን ጨፈነች፤ ፊቷ ተጨማደደ፣
ትከሻዋ ሳይቀር ተሸማቀቀ።
"ጨው አብዝተሻል" አለች።
እጇ ግን ተመልሶ ወደ ስኒው ሄደ።

ሸምሲያ ደግሞ ማንኪያም ሳታነሳ
ጎማውን ፈትታ በሩን ከፈተች፣
አንድ ሙሉ ሎሚ በእጇ አወጣች፣
ውሃው በክንዷ እየወረደ
እዚያው፣ ከተከፈተው በር ፊት፣
ቀስ ብላ፣ ቆማ በላች።

"ዝጊው፣ ብርዱ ይወጣል" ልላት ነበር፤
ሙያዬ ነው።
ተውኩት።