የእርሳስ ማኅተም

ስድስት ሰዎች ነን፤ ሚዛን ነው ሥራችን፣
ሳስካቱን ዳር ላይ ናት ጠባቧ ቤታችን።
ሹመት የሚሉት የለ፣ መሰላልም የለም፤
ከበርጩማ ወደ በርጩማ ነው፣ እድገት ቢባልም።

ኦረስት ግን አለ፣ ጥርሱ የማይታይ፣
እርሳስ ከጆሮው ኋላ፣ ዓይኑ መርፌው ላይ።
አንድ ቀን «ጎበዝ» ሲል ሰምቼው አላውቅም፤
«ድገመው» ይለኛል፤ ለምን ብዬ አልጠይቅም።

አንድ የኅዳር ማታ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው፣
የጎተራን ሚዛን ብቻዬን ፈትሼው፣
ሃያ ኪሎ ቢያጎድል፣ «ማን ያየዋል» ብዬ
ቅጹን ሞልቼ መጣሁ፣ ወደ ቤት ቸኩዬ።

ለካ እንቅልፍም ይመዝናል።
ጠዋት ነገርኩት።
ጓንቱን አጠለቀ፤ መኪናውን አስነሳ።
መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር በረዶ፣ አንድ ቃል የለ።
ስንደርስ መፍቻውን ለኔ ሰጥቶ
እሱ ብረት ክብደት ላይ ተቀመጠ።
«ሃያው ኪሎ የገበሬው ነው፤
የስንፍናህ መክፈያ አይደለም» አለ፣
የእንቁላል ሳንድዊቹንም ለሁለት ከፈለ።

አሠሪያችን ማርሊን ደመወዝ ጨመረችልኝ፤
ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።
ግን ሚያዝያ ላይ፣ የኦረስት እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣
የማኅተም መምቻውን መዳፌ ላይ አኖረ፤
ሠላሳ ዓመት ቁጥሩ የሱ የነበረ።
ከዚያ ወዲህ ብሳሳት፣
እርሳሱ ላይ የሚጠየቀው ቁጥር የኔ ነው።

ሰኞ ዕለት ቲገን፣ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ተቀጠረች፤
መርፌው ዜሮ ላይ ቆሞላት
ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።
«ድገሚው» አልኳት።
ከዚያ፣ ኦረስት እንዳይሰማኝ
ወደ ግድግዳው ዞሬ፦
«ጎበዝ።»