ሁለት ሎሚ

ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ካዛንቺስ ጓሮ፣
ግማሹ ሰፈር ፈርሶ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ፣
ቀዩ መብራት ሳይበራ፣ ወንበሩ ሳይወርድ ከጠረጴዛ ላይ፣
ወይንሐረግ መጣች፣ ደረቴን ሳይሆን ዓይኔን ልታይ።

ከጤና ጣቢያ መስላኝ ፊቴን አዞርኩባት፤
ወረቀት የላት፣ ነጭ ጋውን የላት፤
እንደ እኔው እዚሁ፣ ከዚሁ ባንኮኒ ኋላ፣
ሰባት ዓመት ቆማለች፣ በሰው ግብዣ ስትበላ።

«ስንት ወርሽ ነው?» አለች።
«ማን ነገረሽ?» አልኩ።
«ቀበቶሽ።»
ከት ብዬ ሳቅኩ፣
ከዚያ አለቀስኩ።

የሰማሁትን ቆጠርኩላት፦ «ቀይ ወይን ደም ይተካል፣
ጥቁር ቢራ ወተት ያወርዳል፣
ትንሽማ ምን ያደርጋል?»
አልተቆጣችም። ከንፈርም አልመጠጠች።
«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» አለች።
«ቢነግሩኝስ ያኔ፣ ኪራዬን ማን ይከፍል ነበር?
የጠጣሁት ሁሉ አለፈ በእትብቱ በኩል፤
እኔ ስሰክር እሱም ሰከረ፣ ‹በቃኝ› እንኳ ሳይል።»

ልጇ በር ላይ ቆሟል። ናሁሰናይ፣ አሥራ አንድ ዓመቱ፣
ሦስተኛ ክፍል ለሦስተኛ ጊዜ፣ ከእኩዮቹ ያነሰ ቁመቱ።
ማታ ያጠናው ጠዋት እንደ ሳሙና ያመልጠዋል፣
ጩኸት ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል፤
ሲስቅ ግን፣ ሲስቅ ጎረቤቱን ሁሉ ያስቃል።

«ሁለት ሎሚ» አለችው፣ ሃምሳ ብር ሰጥታ፤
ሁለት ጣቱን ቀስሮ ሮጠ፣ እንዳይረሳት ላንዳፍታ።

ከዚያ ሙሉዓለምን ጠራችው፣ የባንኮኒውን ልጅ፤
ለካ ተነጋግረው ጨርሰዋል፣ እጅ ለእጅ።
«ደንበኛ ‹ለእሷም ጂን!› ሲል፣ አምቦ ውሃ ይቀዳል፤
በረዶ፣ ሎሚ ጣል፤ በጨለማ ማን ያውቃል?
ሂሳቡ የጂን ነው፣ ድርሻሽም አይጎድል፤
ላሽትት የሚል ከመጣ፣ ብርጭቆው በድንገት ይደፋል።»

በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ስልኳን ጻፈች።
«ሐሙስ እመጣለሁ። ብትጠጪም እመጣለሁ» አለች።
«የተውሽው ሁሉ፣ ከዛሬም ቢሆን፣ ለእሱ ትርፍ ነው።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ደውዪ፤
ያን ሰዓት አውቀዋለሁ።»

ናሁሰናይ ተመለሰ፣ እያለከለከ፣
ሁለት ጣቱ አሁንም እንደተቀሰረ።
መልሱን ረስቶታል። ሎሚውን አልረሳም።
አንዱን ለእናቱ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠና
ሆዴን አይቶ ቆየ፣
ሦስተኛ ጣቱን ቀስ ብሎ ዘረጋ።
«ሦስት ማለት ነበረብሽ» አላት።

ቀዩ መብራት በራ።
ወንበሮቹን ማውረድ ጀመርኩ።